ጾመኛዋ ኪኒን

እናንተዬ፣ ሰው ሲጾም ሁለንተናው የሚጾም ይመስላችኋል? እኔስ ይመስለኝ ነበር።

ደሜ ውስጥ ቅባት በዝቶ ተገኘና በየማታው የምትዋጥ ኪኒን ታዘዘችልኝ። እዚሁ ማርቆስ ያለችው ዶክተሬ ለጋ ልጅ ናት፤ እማማ ትለኛለች፣ ሃምሳ እንኳ ሳይሞላኝ! ቅቤ ይቀንሱ፣ ይንቀሳቀሱ አለችኝ። እኔ ያሳሰበኝ የፋሲካ ዶሮ ነው። ያለ ቅቤ ምኑን ዶሮ ሆነው? ስለምናት፣ ደምዎ ይታይና እፈቅዳለሁ አለች።

ሁዳዴ ገባ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ፣ ኪኒኗ ምን ልታባርር ትገባለች? ሌባ በሌለበት ዘበኛ ይቀጠራል? ለፋሲካ ትቆየኝ ብዬ ከቅቤው ቅል ጎን ሰቀልኳት።

በደብረ ዘይት ማግስት ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ዶክተሯ ውጤቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ብሶብዎታል አለች። ማርያምን፣ ከቅበላ ወዲህ ቅቤ በአፌ አልዞረም ብዬ ተገዘትኩ። ኪኒኗስ ስትለኝ፣

"እሷም እየጾመች ነው" አልኳት።

ሳቋን አፍና አስረዳችኝ። ለካስ ያንን ቅባት ጉበት ራሷ ትሠራዋለች! ሽሮውንስ በምን ይሠሩታል አለች። በሚረጋው ዘይት ነዋ፣ በማርቆስ ብርድ በማንኪያ እየፈለጥን። እሱማ የቅቤ የአክስት ልጅ ነው አለችኝ። እኔ ስጾም ጉበቴ ጓዳ ገብታ ትፈስካለች፣ እኔው ደግሞ በሽሮ አሳብቤ አቀብላታለሁ!

ነገሩ ቢከነክነኝ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ጨዋታ ያውቃሉ። ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣

"ወለተ ማርያም፣ መድኃኒት ጾም አይሽርም፣ ዋጪ። ስለ ጉበትሽ ግን ጧት ጧት ስገጂ" አሉኝ።

የአብዬን ወደ እምዬ! ጉበት በደለች፣ ጉልበት ተቀጣ። ለዶክተሯ አልንቀሳቀስ ያለ ወገቤ ሲጎነበስ ከረመ። ኪኒኗም ከተሰቀለችበት ወረደች፣ የሚረጋው ዘይትም ከጓዳዬ ወጣ።

ለሆሳዕና ሰሞን ቅባቱ ቀንሶ ተገኘ። ዶክተሯ በኪኒኗ ኮራች፣ አባ በስግደቱ ኮሩ። እኔ ማንንም አላስቀይምም። ለዶሮዬም አንዲት የሻይ ማንኪያ ቅቤ ተፈቀደችልኝ።

የፋሲካ ለት ያቺን ማንኪያ ጨመርኩ። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ሰው የለም። ሁለተኛዋን ሞልቼ ወደ ድስቱ ስጠጋ ጉልበቴ ተብረከረከ። ስለ ጉበቴ የሚሰግደው እሱ ነዋ! ሌላውን ሰው ሕሊናው ይገሥጸዋል አሉ። እኔን ጉልበቴ።