«ደረስን እኮ!» ባዩ ልብስ ሰፊ

የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚደርስና «ደረስን» የሚል። የሚደርሰው ዝም ብሎ ይደርሳል። «ደረስን» ባዩ ግን ገና ሸሚዙን ሳይቆልፍ ደርሷል። ስልክ ሲደወልለት «በር ላይ ነኝ» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ የራሱ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ቧንቧችሁን ሊጠግን ቃል የገባው እሱ ነው። «ነገ ውሃ ይመጣል» ብሎ ያጠራቀማችሁትን ባልዲ ያስደፋችሁም እሱ ነው። አዲስ ሆስፒታል ሲመረቅ ጥብጣብ አስቆርጦ፣ ጭብጨባው ሲበርድ «አልጋና ሐኪም ብቻ ነው የቀረው» የሚለው ሰውዬም የቅርብ ዘመዱ መሆን አለበት። ሕዝብ እንዲህ ያሉትን ሲጠብቅ ዕድሜውን ይፈጃል፤ ማንም ግን ቀና ብሎ አይጠይቃቸውም፤ ፈገግ ብለው ነዋ የሚዋሹት!

የእኛ ባለጉዳይ፣ ክቡር ደረስን፣ ልብስ ሰፊ ናቸው። የወጣላቸው ስም ነበረ፤ ወላጅ እናታቸው እንኳ ከጠሩበት ቆይተዋል። ሱቃቸው ከአንድ መኝታ ቤት አይሰፋም፤ ግድግዳውን ሞልተው የተሰቀሉት ኮቶች ሁሉ ባለ አንድ እጅጌ ናቸው። ሙሽራ መጥታ «ልብሴስ?» ስትል «አልቋል እኮ፣ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው» ይሏታል። ቁልፉ የሚተከልበት ጨርቅ ገና ከጣቃው አልተቀደደም። አንድ ጎረቤት ለልጁ ያሰፋውን የትምህርት ቤት ሱሪ ሲረከብ ልጁ ጺም አብቅሎ ነበር። «ለእድገት እንዲሆነው ብዬ ነው ያቆየሁት» አሉ ክቡርነታቸው፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃው።

ልብስ ሰፊው ታላቅ እህት አለችው፤ ፀጉር ሠሪ ናት። ከወራት በፊት ፀጉር ቤቱ ውስጥ እርጥብ ሴራሚክ አንሸራቷት ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ቀደው ብረት አስገብተው ሰፏት። አሁን «ድነሻል፣ ተራመጂ» ይሏታል። አጥንቱስ ድኗል፤ ልቧ ነው እምቢ ያለው። ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ መስኮት፤ ዓለሟ ይኸው ሆነ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት «እስከ ሰኞ ቁርጡን ንገሪኝ፣ ቦታሽን የምትጠይቅ አለች» ብላታለች። ባሏ ደግሞ አንድ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብላ ስልክ የምታነሳበት ሥራ አፈላልጎላታል። ጥሩ ሥራ ነው። እሷ ግን ጣቶቿ የሰው ፀጉር ውስጥ ካልገቡ ቀኑ የዋለ አይመስላትም፤ ፀጉር ሥራ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ መቆም ነው።

ስለዚህ ወንድሟ «ነይ፣ በረሃው ውስጥ አጭር መንገድ አለች፣ እግርሽን እናፍታታ» ሲላት ለማንም ሳትናገር ከእግሯ ጋር ተዋዋለች። ዙሩን ከጨረሰች ፀጉር ሠሪ፤ ካቃታት ስልክ አንሺ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ዓለቱ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀበት ጠባብ ሸለቆ አለ። መንገዱ በስንጥቁ ገብቶ፣ ዞሮ ዞሮ፣ ተመልሶ መኪና ማቆሚያው ላይ ይጥላል። መግቢያው ላይ ካርታ የተሳለበት ሰሌዳ ቆሟል። ርቀቱ የተጻፈበትን ጥግ ፀሐይ በልታዋለች። ልብስ ሰፊው ከአንገቱ የማይለየውን ሜትር አውርዶ ሥዕሉን ዙሪያውን ለካና ሳቀ።

«ይቺ እኮ የእጅጌ ቀዳዳ ናት! ገብተን ውልቅ ነው። ውሃውን መኪና ውስጥ ተዉት፣ ምን ያሸክማችኋል?»

አብራቸው የመጣችው አስተማሪ ሚስቱ ውሃውን አንድም ሳታስቀር አወረደች። ባሏ የሚለውን በጥሞና አዳምጣ ተቃራኒውን በማዘጋጀት ነው ትዳሯ እዚህ የደረሰው።

ገቡ። ግድግዳው በግራም በቀኝም ቀጥ ብሎ ወጥቶ ሰማዩን ሪባን አሳክሎታል። አሸዋው እግር ይውጣል። ፀጉር ሠሪዋ ደህናውን እግሯን እያስቀደመች፣ የታመመውን እየተለማመጠች ትሄዳለች። መታጠፊያ ሲመጣ ልብስ ሰፊው ከፊት ሆኖ «ደረስን እኮ! ከዚያች ወዲያ መኪናችን ናት» ይላል። ከዚያች ወዲያ ሌላ መታጠፊያ አለ። «አይ፣ ይቺን ማለቴ ነው።» ከዚያም ወዲያ ሌላ። በመጨረሻ ሚስቱ መረራት።

«አንተ ሰው፣ ሽንሽን ቀሚስ ምን ያህል ጨርቅ ይበላል?»

«ኧረ አይጠየቅ! እጥፉ ነዋ የሚፈጀው። ከላይ ሲያዩት ጠባብ ነው፣ ሲዘረጉት ቤት ይሞላል።»

«እና ይሄ ምንድን ነው?» አለችና በመዳፏ ግድግዳውን መታ መታ አደረገችው።

ግድግዳው ዓይን እስከሚያይ ሽንሽን ነበር። ዕድሜውን ሙሉ እጥፍ ሲቆጥር የኖረ ሰው፣ የተሸነሸነውን በጫፉ ለክቶ ቤተሰቡን በረሃ ውስጥ ከተተ! ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አየ፣ አጎንብሶ አየ፣ ተዋጠለትም።

«ቢሆንም ደረስን» አለ።

ሸለቆው መታጠቂያውን ጠበቅ ያደረገበት ቦታ አለ፤ ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም፤ በጎን ለማለፍ ደግሞ መላ ሰውነትን በአንድ እግር ላይ መጣል ግድ ነው። ተራው የታመመው እግር ሆነ። መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፀጉር ሠሪዋ ወደኋላ ተመልሳ ጀርባዋን ከድንጋዩ አጣበቀች።

«አይዞሽ እታለም፣ ደረስን እ—»

«ዝም በል!»

ሸለቆው ራሱ ዝም በል፣ ዝም በል አለው።

«አንተ አታፍርም? በሰርጌ ቀን ‹ቀሚስሽን ይዤ ታክሲ ውስጥ ነኝ› ስትለኝ ከጀርባህ የስፌት መኪናህ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኝ ነበር! አጃቢው ውጭ ቆሞ፣ እኔ በጓደኛዬ ቀሚስ ተዳርኩ! አንድ ቀን፣ በሕይወትህ አንድ ቀን፣ እውነት ተናገር። የት ነው ያለነው?»

ልብስ ሰፊው ወደፊት አየ። ወደኋላ አየ። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ወረደ።

«አላውቅም» አለ።

ሚስቱ የጠርሙሱን ክዳን ይዛ ደርቃ ቀረች። ይህን ቃል ከዚህ አፍ ሰምታ አታውቅም።

«መጥቼም አላውቅ» ቀጠለ። «ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው። ከፊታችን ምን እንዳለ አላውቅም። ከኋላችን ያለው ግን ሩቅ ነው።»

እውነት ሲመጣ እንዲህ ባዶ እጁን ይመጣል ብሎ ማን አሰበ? ፀጉር ሠሪዋ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች።

«በል ደረስን በለኝ» አለች በለሆሳስ።

«አልልም።»

«በለኝ ስልህ!»

«እውነት ተናገር ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ምን ላድርግሽ እታለም?»

«ሰኞ ሥራዬን ልለቅ ነው!» እንባዋ መጣ። «ይቺን ዙር ከጨረስኩ እመለሳለሁ፣ ካቃተኝ እተዋለሁ ብዬ ነበር። ይኸው አቃተኝ። ይኸው ቀረሁ፤ ቁጭ ብዬ ስልክ ላነሳ ነው።»

ሚስት ባሏን አየችው። ልብስ ሰፊው ተንበረከከ፤ የእህቱን ሱሪ ሰብሰብ አድርጎ የቀዶ ጥገናውን ጠባሳ በአውራ ጣቱ ከላይ እስከ ታች ተከተለው። ፊቱ ተለወጠ። ቀጠሮ የሚሰጥበት ፊት አልነበረም፤ መርፌ ሲያስገባ ብቻ የሚኖረው ፊት ነው።

«ማን ነው የሰፋሽ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ተኝቼ አይደል።»

«እጁ ጥሩ ነው። እኩል እኩል ነው የወጋው።» እግሯን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ቀስ አድርጎ አዞረው። «ይይዛል።»

«ያመኛል እኮ!»

«ያምሻል። ግን ይይዛል።»

ፀጉር ሠሪዋ ጠባሳዋን አየች። ይህ ሰው ሥራው መቼ እንደሚያልቅ በዋሸ ቁጥር ሰምታዋለች። ይይዛል ብሎ የዋሸበትን ቀን ግን ብትፈልግ፣ ብታስስ አላገኘችም። ልብሱ ዓመት ይዘገያል እንጂ ከእጁ ወጥቶ ስፌቱ የተፈታ ልብስ የለም፤ የዚያ ጺማም ልጅ ሱሪ እንኳ ዛሬም ታናሽ ወንድሙ ኳስ ይጫወትበታል። ይህ ማለት ግን ይቅር ተባለ ማለት አይደለም። የሙሽሮቹ ጨርቅ አሁንም ጣቃው ላይ ነው፣ እዳው በላዩ ላይ ነው፣ ማንም ተሳስቶ የሆስፒታል ግንባታ እንዳይሰጠው።

ተነሳች። መላ ክብደቷን በታመመው እግር ላይ ጣለች። እግሩ ተንቀጠቀጠ፣ አቃጠላት፣ ያዘ። በጎኗ አለፈች።

የቀረው መንገድ አጭር አልነበረም። እሷ ከፊት፣ ወንድሟ ከኋላ፤ ከአፉ «ቀስ» ከሚል ቃል ሌላ አልወጣም። ሸለቆው ሰፍቶ መኪናቸው ብቅ ስትል እንኳ «ደረስን» ለማለት አልደፈረም፤ ይህን ያስተዋለችው ሚስቱ ናት።

ፀጉር ሠሪዋ ያበጠ እግሯን ዘርግታ መኪናው ደፍ ላይ ተቀመጠችና ለፀጉር ቤቱ ባለቤት ደወለች።

«እሺ የኔ እናት፣ ምን ወሰንሽ?»

«ሰኞ እገባለሁ።»

«እግርሽስ? ዳነ?»

«አብጧል። ግን ይይዛል።»

«ማን አለሽ? ሐኪሙ ነው?»

«ወንድሜ።»

«ያ ውሸታሙ?!»

ድምፁ ከስልኩ አልፎ ተሰማ። ልብስ ሰፊው ከጫማው አሸዋ እያራገፈ ነበር፤ ያልሰማ ለመምሰል ባዶውን ጫማ ደግሞ ደጋግሞ አራገፈው።

«አዎ፣ እሱ ውሸታሙ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «እሱ ካለ ይይዛል።»