የጾሙት የቡሬ ጥንቸሎች

በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ስለ ቤተ ሙከራ እንስሳት ብዙ ይጻፋል፤ ምን እንደበሉ፣ ስንት ቀን እንደቆዩ፣ ደም ስራቸው ሲከፈት ምን እንደተገኘበት። ስለ መጋቢያቸው ግን አንድ መስመር አታገኙም። የሳይንስ ዕጣ በመጋቢው እጅ ነው ብል መምህሮቼ ስለሚቀየሙኝ፣ ከአያቴ የሰማሁትን ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ።

በጣሊያን ጊዜ ቅድመ አያቴ አያ ተገኘ ቡሬ ላይ ለመንገድ ሥራ በግዴታ ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። ከዚያ ያወጣቸው አንድ ወፍራም ጣሊያናዊ ሐኪም ነው። ሰውየው ደም ስር በስብ እንዳይደፈን የሚከላከል መድኃኒት ሊሞክር ነጫጭ ጥንቸሎች አስመጥቶ በሁለት ሣጥን ከፍሏቸዋል። ሁሉም በየቀኑ አስኳልና ቅቤ ይበላሉ፤ መድኃኒቱን የሚወስዱት ግን የአንደኛው ሣጥን ብቻ ናቸው። የሌሎቹ ደም ስር ተደፍኖ የእነዚህ ከዳነ፣ መድኃኒቱ ሠራ ማለት ነው። የአያ ተገኘ ሥራ ማብላት ነበር።

በሳምንቱ ሁዳዴ ገባ።

አያ ተገኘ በገዛ እጃቸው በጾም ቅቤ ማብላት አልሆነላቸውም። ጎመን ብቻ ሰጡ፤ መድኃኒቱንም አንድ ቀን ሳያጓድሉ በጎመን ጠቅልለው። እንቁላሉና ቅቤው ጎረቤት ላለች አራስ ሄደ።

«ለመሆኑ የጥንቸሎቹ ንስሐ አባት ማን ናቸው?» አሏቸው ሚስታቸው።

«የማበላው እኔ ነኝ። ኃጢአቱም የኔ ነው።»

«ድንጋዩም የእርስዎ ነው።»

ከወር በኋላ ሐኪሙ ከየሣጥኑ ሁለት ሁለት አርዶ ቢያይ፣ የሁሉም ደም ስር እንደ ሸንበቆ ክፍት ነው። አያ ተገኘን በአስተርጓሚ ጠየቃቸው። መዋሸት ይችሉ ነበር፤ ግን ጾም ነው።

«ጾመው ነው ጌታው።»

«እንስሳ ይጾማል?»

«በነነዌ ከብቱም ጾሟል። መጽሐፉ እናንተም ዘንድ አለ ይባላል።»

ጣሊያኑ ዮናስን ያውቃል፤ መልስ ግን አጣ። መልስ ያጣ ሹም ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ትእዛዝ ይሰጣል።

«ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አፋቸው ላይ አስኳል ካላየሁ፣ ወደ ድንጋይህ ትመለሳለህ።»

በማግስቱ የጥንቸሎቹ ከንፈር ሁሉ ቢጫ ሆኖ አየና ደስ ብሎት ሄደ። አያ ተገኘ የሐኪሙ ኮቴ ሲሰማ አስኳል ይቀቧቸዋል፤ ሲርቅ፣ ጥንቸሎቹ ሳይልሱት፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋሉ። እስከ ፋሲካ እንዲሁ ሆነ።

ሐኪሙ የቀሩትን ከፈተ። ንጹሕ። ቢያስብ ቢያስብ ምክንያቱ አልገባህ አለው፤ በመጨረሻ የቡሬ አየር ደም ስር ያጸዳል ብሎ ጻፈ። ለራሱም ጤና ሲል እዚያው እንዲቆይ አመለከተ፤ አየሩን ተማምኖም ራሱ የሚበላውን ቅቤ እጥፍ አደረገ። አያ ተገኘን አሳላፊው አድርጎ ቀጠራቸውና ድንጋይ ዳግም አልነኩም።

«እሱንስ ለምን አያስጾሙትም?» ቢሏቸው ሚስታቸው፣

«እሱ ትልቅ ሰው ነው፤ ራሱ ያውቃል» አሉና ቅቤውን ሊያቀርቡ ሄዱ።