ቅማሎች የፈተኑት ጥናት

ትናንት ማታ የተኛሁት ተናድጄ ነው። ተናዶ የሚተኛ ሰው ሲከራከር ያድራል እንጂ አይተኛም፤ ሕልሜንም ያየሁት ጥርሴን እንደ ነከስኩ ነው።

ያናደደኝን ላስቀድም። ዘቢደር የምትባል የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አለችኝ። በባዮሎጂ ትምህርት ክፍል አማካሪዋ እኔ ነኝ። ጥናቷ ስለ ቅማል ነው፤ ግርሻ ትኩሳት ስለሚያስተላልፈው ቅማል። ቅማሉን የሰበሰበችው ከጋሽ ሽብሩ ግቢ፣ መስኮት ከሌላቸው የጓሮ ክፍሎች ነው። እዚያ የሚኖሩት መሬት ጠብቧቸው ከገጠር የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ጋሽ ሽብሩ ኪራይ በጨመሩ ቁጥር ሠራተኞቹ ክፍያውን የሚጋራ አንድ ሰው ይጨምራሉ። ሰው በተጨመረ ቁጥር ብርድ ልብሱ ያጥራል፤ ቅማሉም ካንዱ ወዳንዱ ይሻገራል። ሲታመሙ ደግሞ የከተማው መታወቂያ ስለሌላቸው ጤና ጣቢያ ለመሄድ ይፈራሉ። ዘቢደር ይህን ሁሉ አይታ ሦስት ምዕራፍ ጻፈች፤ አንዱን ስለ ቅማሉ፣ አንዱን ስለ ኪራዩ፣ አንዱን ስለ ፍልሰቱ።

ጥናቷን የምታቀርበው ዛሬ ጠዋት ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ፍስሐጽዮን ሁለታችንንም ጠራን።

"ኪራይ ሕይወት ያለው ነገር ነው?" ብሎ ጠየቃት።

"አይደለም።"

"እንግዲያው ከባዮሎጂ ይውጣልን። ኢኮኖሚክሶችን ጠይቄ ነበር፤ 'ቅማል ገበያ አይወጣም' ብለው ሳቁብኝ። ፍልሰቱ ደግሞ ፖለቲካ ነው፤ እሱን እንኳን እኛ፣ የፖለቲካ ሳይንስ ሰዎችም አይነኩት። ቅማልሽን ብቻ ይዘሽ ነገ ቅረቢ።"

"ምናለው ዛሬም ትኩሳቱ ተነስቶበታል" አለችው። ምናለው ከተከራዮቹ አንዱ፣ መሠረት ቆፋሪ ነው። "ምዕራፎቹ ቢወጡ እሱ ምን ይሆናል?"

"እሱማ በመደምደሚያው ውስጥ አለ። 'የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጠው' ብለሽ ትጨርሻለሽ። ሁሉም እንዲያ ነው የሚጨርሰው። እንዲያውም ቅማሉን ብቻ የያዘውን አጭሩን ቅጂ እኔ ራሴ እንዲያ ብዬ ጨርሼ፣ የጋሽ ሽብሩን ግቢ አድራሻ አክዬ ለከተማው አስተዳደር ልኬልሻለሁ።"

እንድታመሰግነው ጠበቀ። እኔ በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ፤ ቤቴ ገብቼም እራት ሳልበላ ተኛሁ።

በሕልሜ የዩኒቨርሲቲያችን በር ላይ ቆሜያለሁ። ጥበቃዎቹ እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ተማሪዎች ይፈትሿቸዋል።

"ሐሳብ ይዘሃል?" አለ አንዱ ተማሪ።

"ኧረ ምንም አልያዝኩም ጌታዬ! ፈትሸኝ!" አለ ጥበቃው።

"ባዶህን ነዋ የመጣኸው! ተመለስ። ይዘህ ና።"

እኔን ሳይፈትሹ አሳለፉኝ። ንዴቴ ከሩቅ ይታይ ነበር መሰለኝ።

ከበሩ ውስጥ ረጅም ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት ሱፍ የለበሱ፣ ማኅደር የታቀፉ ባለሥልጣናት ናቸው። ወረፋ የያዙበትን ድንጋይ በጫማቸው ጫፍ እየገፉ ቀስ ቀስ ይላሉ። ሰልፉ የሚያልቀው ከአንዲት ትንሽ መስኮት ነው። ከመስኮቷ ኋላ ዘቢደር ተቀምጣ ጥፍሯን ትሞርዳለች።

"ምን ፈልጋችሁ ነው?" አልኩት የመጨረሻውን።

"ትኩረት ልንሰጥ" አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ጎህ ሳይቀድ ነው የመጣነው። ትኩረታችንን የሚቀበለን አጣን።"

ከፊት ጠብ ተነሳ።

"የሚመለከተው አካል እኔ ነኝ! ዞር በል!"

"አንተን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚመለከትህ? ልጅቷ ቢሮህ ስትመጣ 'እኛን አይመለከትም፣ ፎቅ ውጪና ጠይቂ' ብለህ ወደ እኔ የላክሃት ማን ሆነህ ነው?"

"አንተስ መልሰህ ወደ እኔ አላወረድካትም?"

"አውርጃታለሁ! በደንብ አውርጃታለሁ!"

"ታዲያ እኩል ነዋ የሚመለከተን!"

ተቃቅፈው ተላቀሱ። ዘቢደር ቀና ሳትል "ሲስተም የለም" አለች። "ከምሳ በኋላ ተመለሱ።"

"እባክሽ እመቤቴ፣ ከሩቅ ነው የመጣነው።"

"ሁሉም ከሩቅ ነው የሚመጣው። ቀጣይ!"

ደስ አለኝ። አልዋሽም፤ ክፉ ደስታ ነው ደስ ያለኝ። "በርቺ! ፎቶኮፒ አምጡ በያቸው! ከዚያ ኮፒው አይነበብም በያቸው!" እያልኩ ስጮህ መስኮቷ ከግድግዳው ተነቅላ ሄደች።

ተከተልኳት። ለካ መስኮቷን የተሸከሟት ጋሽ ሽብሩ ናቸው። በጀርባቸው አዝለዋት ወደ ግቢያቸው ይሮጣሉ። ግቢው ውስጥ ምናለው በወንበር ተቀምጦ እግሩን አነባብሯል። አከራዮች በፊቱ ተደርድረው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። አንድ ደላላ ጥግ ቁጭ ብሎ ሰው አጥቶ ያለቅሳል።

"ስንት ናችሁ?" አላቸው ምናለው ጋሽ ሽብሩን።

"እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን ጌታዬ። ልጆቹ ትልልቆች ናቸው፤ ድምፅም አያሰሙ።"

"እንግዳ ታበዛላችሁ?"

"እኛ? እንግዳ? ወንድሜ እንኳ ቢመጣ በር ላይ አናግሬው ነው የምመልሰው።"

"ውሃስ? ውሃ ታባክናላችሁ?"

"ከታጠብን ቆይተናል፣ ወንጌል ይቁረጠኝ!"

"በር በሁለት ሰዓት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ብትመጡ ውጭ ታድራላችሁ። መስኮቷን እዚያ ግጠሟት" አለ ምናለው። ጋሽ ሽብሩ መሬት ስመው ተነሱ። ምስማር በጥርሳቸው ይዘው መስኮቷን ሲገጥሙ ክፍሉ ውስጥ ብርሃን ገባ፤ ውስጥ የተኙት ሰዎችም እጃቸውን ፊታቸው ላይ ጋረዱ።

በአዲሱ መስኮት ወደ ውጭ ሳይ በዋናው አስፋልት ላይ አንድ ማሳ ሲመጣ አየሁ። በእግሩ ነበር የሚሄደው። የወሰን ድንጋዮቹን በብብቱ ይዟል፤ ትከሻው ላይ አንድ ባሕር ዛፍ ተክሏል፤ ጤፉ ከኋላው እየተጎተተ አቧራ ያስነሳል። ኬላው ጋ ሲደርስ ገመድ ተወጠረበት።

"መታወቂያ!"

"የለኝም" አለ ማሳው። "መሬት ነኝ።"

"ከየት ነው የመጣኸው? እዚህ ማን ያውቅሃል? ዋስ አለህ?"

"ምናለው ያውቀኛል። እሱን ፍለጋ ነው የመጣሁ።"

ምናለው ከወንበሩ ዘሎ ወጣ። ማሳው ሲያየው አንገቱን ደፋ።

"ለአባትህ በቃሁ፤ ለአንተና ለወንድሞችህ ግን ጠበብኩባችሁ። ሰፍቼ መጥቻለሁ፤ ወደ ቤት እንሂድ" አለው።

"አሁን አልሄድም" አለ ምናለው። "ትኩሳት አለብኝ። በዚያ ላይ ዛሬ እታለም ዘቢደር ጥናቷን ታቀርባለች፤ እኔ አለሁበት።"

"እንግዲያው እኔም እሰማለሁ" አለና ማሳው ተጠቅልሎ በበሩ ገባ። እኛም ተከትለን ገባን፤ ስንገባ ቦታው የዩኒቨርሲቲያችን ትልቁ አዳራሽ ነበር።

ከመድረኩ ላይ ፈታኞቹ ተቀምጠዋል። ቅማሎች ናቸው። እያንዳንዳቸው የሰው ልጅ ያክላሉ፤ ጥቁር ጋውን ለብሰው በአንድ አሮጌ ኮት አንገትጌ ላይ ተደርድረዋል። በየፊታቸው የታሸገ ውሃ ተቀምጦላቸዋል። መሐላቸው ማይክሮስኮፕ ቆሟል። ከማይክሮስኮፑ ሥር፣ በሁለት መስታወቶች መካከል፣ ዶክተር ፍስሐጽዮን በደረቱ ተኝቷል።

ሰብሳቢው ቅማል ጉሮሮውን ጠረገ።

"ዘቢደር፣ ጥናትሽን አንብበነዋል። ካነበቡት ሁሉ እስከ መጨረሻው የዘለቅነው እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ጥሩ ጥናት ነው። ያስፈራንም እሱ ነው።"

"ምን ያስፈራችኋል?" አለች ዘቢደር።

"መስፋትሽ! ስለ እኛ ብቻ የጻፍሽውን ቢያነቡ መድኃኒት ይነፉብናል። ይንፉ! ጥቂት እንሞታለን፤ ብርዱ ግን ይቀራል። ሰው ሲበርደው ይጠጋጋል፤ ሲጠጋጋ እንሻገራለን። ስለ ኪራዩ ብቻ የጻፍሽውን ቢያነቡ ሥዕላዊ መግለጫ ሠርተው ይለያያሉ። ስለ ፍልሰቱ ብቻ ቢያነቡ እርስ በርስ ይጣላሉ፤ እኛን ማን ያስታውሰናል? ሦስቱን አንድ ላይ ካነበቡ ግን አለቀልን። ስለዚህ የትምህርት ክፍሉ የወሰነውን እንደግፋለን። ምዕራፎቹ ይነጣጠሉ!"

ቅማሎቹ አጨበጨቡ። ጭብጨባቸው ተልባ ሲቆላ እንደሚንጣጣው ዓይነት ነበር፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ የማያቋርጥ።

"ሌቦች!" ብዬ ተነሳሁ። "ደም መጣጮች! የምትፈርዱት በራሳችሁ ጉዳይ ነው!"

"ታዲያ በማን ጉዳይ እንፍረድ?" አለኝ ሰብሳቢው በትሕትና። "እናንተ አይመለከተንም አላችሁ። እኛን ይመለከተናል።"

በሕልሜ ከተናደድኩት ሁሉ እዚህ ላይ የተናደድኩትን ያህል አልተናደድኩም፤ ቅማል እውነት ሲናገር መስማት ያንገበግባል።

ያኔ ከመስታወቱ ሥር የዶክተር ፍስሐጽዮን ድምፅ ተሰማ። "አይነጣጠሉ!" እያለ መስታወቱን በቡጢ ይደበድባል። "ኪራይ ሕይወት አለው! ያድጋል! ይራባል! ሰው ይበላል! ከዚህ ሌላ ሕይወት ያለው ነገር ምልክቱ ምንድነው?"

"ይህ ናሙና ይጮሃል" አለ ሰብሳቢው ማስታወሻ እየያዘ። ከዚያ ወደ ዘቢደር ዞረ። "በይ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አንብቢልን። እሷን እንወዳታለን።"

ዘቢደር ገጹን ገለጠች። "የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጠው።"

ቅማሎቹ ከአንገትጌው እስኪወድቁ ሳቁ። አንዱ ውሃ ትን አለው። "አንዴ ድገሚልን!" አሉ። "ለልጆቻችን እንነግራቸዋለን!"

"አልደግመውም" አለች። "ሰርዤዋለሁ።"

ሳቁ ቆመ።

"በምትኩ ልብስ የሚቀቀልበት በርሜልና ማገዶ በየግቢው ይቀመጥ ብዬ ጽፌያለሁ። ኪራይ አከራዩ ባሻው ጊዜ አይጨመር ብዬ ጽፌያለሁ። እዚህ የሚሠራ ሰው የዚህ ከተማ መታወቂያ ይሰጠው ብዬ ጽፌያለሁ። የሚያደርገውንም ሰው በየስሙ ጽፌያለሁ።"

የአዳራሹ በር ተበረገደ። ባለሥልጣናቱ ነበሩ። "ስሜን ጻፈችኝ! ስሜን!" እየተባባሉ በርሜል እያንከባለሉ ገቡ። ማሳው ባሕር ዛፉን ከትከሻው ነቅሎ ለማገዶ ሰጣቸው። እንፋሎት አዳራሹን ሞላው። አንዱ ባለሥልጣን በጉልበቱ ሄዶ ለምናለው መታወቂያ ሰጠው። ምናለው ወደ ብርሃን አዙሮ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

"እታለም" አላት ዘቢደርን፣ "እዪኝማ። ፎቶው ላይ አያንቀጠቅጠኝም።"

ቅማሎቹ ጋውናቸውን እየጣሉ ወደ ኮቱ ስፌት ይሮጣሉ። ሰብሳቢው ብቻ አልሮጠም። በእንፋሎቱ ውስጥ ቆሞ ጠረጴዛውን በመዶሻ ይመታል፤ "ሥነ ሥርዓት! ጉባኤው አልተበተነም! ሥነ ሥርዓት!" ይመታል፣ ይመታል፣ ይመታል።

ስልኬ ነበር። የራስጌዬ ሣንቃ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነው። ገና እየነጋ ነበር። የደወለችው ዘቢደር ናት።

"ዘቢደር! ሰረዝሻት?" አልኳት እንቅልፌ ሳይለቀኝ። "ዓረፍተ ነገሯን ሰረዝሻት?"

"መምህር" አለችኝ፣ "የሚመለከተው አካል ትኩረት ሰጠ።"

"ምን?"

"ጋሽ ሽብሩ ግቢ ነኝ። ገና ሳይነጋ የከተማው አስተዳደር ሰዎች መጡ። አጭሩን ቅጂ ይዘውታል፤ የእኔ ስም አለበት። 'የበሽታ ምንጭ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል' ብለው ክፍሎቹን አሸጓቸው።"

"ሰዎቹስ?"

"አይሱዙ ላይ ጫኗቸው። ወደመጡበት ነው ይላሉ። ሹፌሩ ወዴት እንደሆነ የጠየቀው እኔን ነው።"

"ምናለውስ? ከነትኩሳቱ?"

"ከነትኩሳቱ። ሁለት ሰው ደግፎ አወጣው። መኪናው አሁን ሊነሳ ነው፤ ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ፤ ዞር በይ እያሉኝ ነው።"

ሱሪዬን በአንድ እጄ እየፈለግኩ "እንዳትንቀሳቀሺ! መጣሁ!" አልኳት። ያን ጊዜ ከስልኩ ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን፣ ደረቅ፣ የማያቋርጥ። ተልባ ሲቆላ እንደሚንጣጣው።

"ምንድነው እሱ?" አልኳት።

"ዝናብ ነው መምህር" አለችኝ። "የመኪናው ሸራ ላይ እየወረደ ነው። ብርድ ስለሆነ ሁሉም እሱ ሥር ተጠጋግተው ተቀምጠዋል።"