ወገቤ ላይ የታጠቅኩት ኩል

ተመረጥኩ!!!

አዎ፣ እኔ! የቡሬዋ ስመኝ! ፍኖተ ሰላም በተከፈተው የእጅ ሥራ ባዛር አንድ ሙሉ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ሰኞ ደውለው የነገሩኝ ሴትዮ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ሥራሽ ጥሩ ነው። ጽሑፍሽ ግን በጣም ጥሩ ነው። አሳትመን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።»

ግድግዳ ላይ!

እኔ እኮ ከፈተና ወረቀት ሌላ ምንም ጽፌ አላውቅም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እማዬ ሱቅ ስትልከኝ የጨውና የሳሙናውን ዝርዝር ራሱ በስታይል ነው የምጽፈው።

ደስታው እዚህ ላይ አበቃ። አሁን ዛሬ የደረሰብኝን ስሙ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከኔ ይሻላል ብዬ ነው፤ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ የትምህርት ቤታችን ልጆች ነበሩና እስካሁን ግሩፑ ላይ ሳይለቁት አይቀሩም።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስተዋውቃችሁ። ኩል መያዣ ነው። ከቀለህ የተሠራ።

ቀለህ የማታውቁ ከተሜዎች ካላችሁ፣ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ መሬት ላይ የሚቀረው ባዶ የነሐስ ቀፎ ማለት ነው። ድሮ ከሠርግና ከለቅሶ ነበር የምንለቅመው። አሁን ማሳ ውስጥም ሞልቷል፤ ሳይፈለግ። (ይህችን ዓረፍተ ነገር ዝም ብላችሁ እለፏት።)

ቀለሁን ፍም ላይ አሙቄ ውሃ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ብረት እንዲህ ሲደረግ ይጠነክራል፤ ነሐስ ግን ይለሰልሳል። አባዬ «ነሐስ እንደ እናትሽ ነው፤ ነዶ ነዶ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል» ይላል። (እማዬ በሌለችበት ነው የሚለው።) ከዚያ አንገቱን በትንሽ መዶሻ እየመታሁ አጠብበዋለሁ፣ ቂጡን በብየዳ እደፍናለሁ፣ በሞረድ አስተካክላለሁ፣ በአመድና በሎሚ እወለውላለሁ። ክዳኑና መኳያው አንድ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንዱ ተሰንጥቀውብኛል፤ ቸኩዬ ዳግመኛ ሳላሞቅ ስመታቸው። አሥራ ሁለተኛው ግን ወጣ! እሱን ለጓደኛዬ ለትርንጎ ሰጠኋት። በየቀኑ ከሱ ነው የምትኳለው።

አሁን ወደ ሐፍረቴ።

እናንተ የማታውቁት አንድ ነገር አለ። በዚያ በተወደደልኝ ጽሑፍ ላይ «አባቴ በብረታ ብረት ዘርፍ የተሠማሩ ባለሙያ ናቸው» ብዬ ጽፌያለሁ።

ዘርፍ! የተሠማሩ!

አባቴ ቀጥቃጭ ነው።

የኛን አገር የምታውቁ ገብቷችኋል። ለማታውቁ ላስረዳ። ገበሬው ሁሉ ማረሻውን ይዞ ወደኛ ይመጣል፤ አጥር ውስጥ ግን አይገባም። ውሃ ሲቀርብለት «ጠጥቼ ነው የመጣሁ» ይላል። በእርሻ ወቅት፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሁሉም ጠጥቶ ነው የሚመጣ! የቀጥቃጭ ዓይን ይበላል ይባላላ። ቡዳ ናቸው ይባላላ።

ስለዚህ ለማንም አልተናገርኩም። ትርንጎ ቤታችሁ ልምጣ ባለች ቁጥር «ውሻችን ይናከሳል» እላታለሁ። ውሻ የለንም። ሦስት ዓመት ሙሉ የሌለ ውሻ ይዤ ኖርኩ። ቦቢ ብዬ ስም አወጣሁለት። ባለፈው ክረምት አሞት ነበር፤ ትርንጎ እንዴት አደረ ብላ ጠይቃኛለች።

ዛሬ ጧት ከትርንጎ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። እሷ ማናጀሬ ናት። ሻንጣ ጣሪያ ላይ ሲጫን ይጨፈለቃል ብዬ ስለፈራሁ አሪፍ ዲዛይን ፈጠርኩ። የቆዳ ቀበቶ ላይ አሥር ትንንሽ ማንጠልጠያ ሰፋሁና አሥሩን ኩል መያዣ በተርታ ደረደርኳቸው። ከዚያ ወገቤ ላይ ታጠቅኩት። ነጠላዬን ከላይ ጣል አደረግሁ።

እስቲ በደንብ አስቡት። አሥር ቀለህ። በተርታ። ቀበቶ ላይ። ወገቤ ላይ።

ትርንጎ ምን አለች መሰላችሁ? «ዋው!»

ማንኩሳ ሳንደርስ ሚኒባሱ ቆመ። ፍተሻ። ወንዶች ወዲያ፣ ሴቶች ወዲህ ሆነን ወረድን። የተለመደ ነው። ፈታሿ ሴት እጇ ወገቤ ላይ ሲደርስ ቆም አለች። ደግማ ዳሰሰች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...

«ዝናር ታጥቃለች!»

ሰው እንዲህ ሲበተን አይቼ አላውቅም! ከፊቴ የቆመችው ሴትዮ ዶሮዋን ጥላ ነው የሮጠች። አጠገቤ የቀሩት ትርንጎና ዶሮዋ ብቻ ናቸው። ትርንጎ አልሸሸችም። ይህን ያዙልኝ።

«አውልቂ! ቀስ ብለሽ!»

«ኩል ነው!»

«ምን?»

«ኩል! የዓይን ኩል!»

የፈታሾቹ አለቃ መጡ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ድምፃቸው የማይነሣ ሰው። አንዱን መዝዘው አገላበጡት። «ይህ ቀለህ አይደለም?»

«ቀለህ ነው፤ ግን ኩል ነው።»

ከዚህ የባሰ መልስ የሰጠ ሰው ካለ ኮመንት ላይ ይጻፍልኝ።

ላሳያቸው ብዬ አንዱን ከፍቼ መኳል ጀመርኩ። ኩሉ ከዓይኔ ተነሥቶ ጆሮዬ ድረስ ሄደ። ፈታሿ ሳቋ መጣ። አለቃው አልሳቁም።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ።»

«የት?»

«ወርክሾፓችን።»

«የማን ወርክሾፕ?»

ብልጠቴን ተመልከቱልኝ። «አባቴ በብረታ ብረት ዘርፍ የተሠማሩ ባለሙያ ናቸው!»

ፊታቸው ተለወጠ። ወገኖቼ፣ ቀለህ ይዛችሁ ስትያዙ «ወርክሾፕ» እና «ዘርፍ» የሚሉትን ቃላት እንዳትጠቀሙ! ሰውየው ጥይት ፋብሪካ ያገኙ ነው የመሰላቸው። ስልካቸውን አወጡ። «ቡሬ የት ሠፈር? የአባትሽ ስም ከነአያቱ?»

አባዬ ታየኝ። ወናፉ ሥር ቁጭ ብሎ እያሳለ፣ ምንም ሳያውቅ፣ ሰዎች ገብተው ሲያስነሱት። በሕይወቱ ሰው ቤቱ ገብቶ የማያውቅ ሰው፣ የመጀመሪያ እንግዶቹ እነዚህ ሊሆኑ። በኔ ቃላት ማሳመር!

ትርንጎ እጄን ልትይዘኝ እጇን ዘረጋች። «አይዞሽ፣ ንገሪያቸው» አለችኝ።

ነገርኳቸው።

«አባቴ ቀጥቃጭ ነው!» ጮክ ብዬ። «ማረሻ ነው የሚሠራ! ማጭድ ነው የሚሠራ! ጥይት አይሠራም!»

ከወንዶቹ ሰልፍ አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን አሰሙ። «እውነቷን ነው ጌታው። የጠይቡ የካሳ ልጅ ናት። የኔንም ማረሻ አባቷ ነው የሚሠራልኝ። ክፉ የማያውቅ ሰው ነው፤ ይልቀቋት።»

እግዜር ይስጣቸው፣ አባቴን አዳኑልኝ። ይህን ብለው ሲጨርሱ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አድርገው ፊታቸውን አዞሩ።

አለቃው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «በይ ሂጂ። ሁለተኛ ወገብሽ ላይ እንዳላይ፤ በቅርጫት ያዢው።»

አለቀ! ተረፍኩ! ወደ ትርንጎ ዞርኩ።

እጇ እንደተዘረጋ አየር ላይ ቀርቷል።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ቦቢስ?»

«ውሻ የለንም፣ ትርንጎ።»

የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አራሰችና የግራ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ የቀኙን። ጧት መናኸሪያ ቆመን እኔው ነበርኩ የኳልኳት።

ሰው ሁሉ ጥይት የታጠቅኩ የመሰለው ጊዜ እሷ አልሸሸችም እኮ!

ከዚያ ወዲያ ጉዞዬ ቪአይፒ ሆነ። ሰው ተጨናንቆ በዱካ ተቀምጦ፣ እኔ አንድ ሙሉ ወንበር ለብቻዬ! ትርንጎ ኋላ ሄደች። ባለዶሮዋም ኋላ ሄደች። ዶሮዋ ግን መንገዱን ሙሉ ወደኔ ስታይ ነበር። አንድ ፎሎወር አተረፍኩ ማለት ነው።

ባዛሩ ደረስኩ። ጽሑፌ እውነትም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ በትልልቁ። «በብረታ ብረት ዘርፍ የተሠማሩ» የሚለው ከሩቅ ይነበባል። ቆሜ አየሁት። ያን ሁሉ የኮራሁበት ዓረፍተ ነገር የውሻዬን የቦቢን መሰለኝ። ከጎኔ ቅርጫት ከምትሸጠው ልጅ እስክሪብቶ ለመንኩና ሰርዤ ከላዩ «ቀጥቃጭ ነው» ብዬ ጻፍኩበት። ሁለት ቃል። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ እጄን ያደከመኝ እሱ ነው።

ከዚያ ለአባዬ ደወልኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ሳሉ ብቻ ይሰማኛል።

«ኩሉ ተደፋ?» አለኝ በመጨረሻ።

«አልተደፋም አባዬ። ክዳኑ ጠንካራ ነው።»

«ጎሽ።» እንደገና ሳል። «እንግዲህ ካወቁ አወቁ። ቅዳሜ ቤት ነኝ። እንዴት እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ ካለ ይምጣ በያቸው።»

አባዬ ሰው ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ድምፁን ብትሰሙት! የማይመጣ ሰው እንደሚጠራ ሰው ነው የጠራችሁ።

እናም ይኸው፣ ጥሪውን አድርሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ኑ፤ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው እያያችሁ። ነሐስ ሲለሰልስ አሳያችኋለሁ። መዶሻውን የፈለገ ይሞክራል፤ መሰንጠቅም ይቻላል፤ አሥራ አንድ ድረስ ይፈቀዳል። ውሃ በጣሳ ይቀርብላችኋል። «ጠጥቼ ነው የመጣሁ» የሚል ካለ ቤቱ ይቅር።

ትርንጎ፣ ይህን እያነበብሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ላይክ ባታደርጊም። አንቺም ነይ። ሳትኳይ ብትመጪም ይሁን።

አጥሩን አታንኳኩ፤ ክፍት ነው። ዝም ብላችሁ ግቡ።

ውሻ የለንም።