የአው ዩሱፍ ላይኛው መደብ

እንግሊዞች «አፕ» የምትባል አንዲት ትንሽ ቃል አለቻቸው። መዝገበ ቃላት ስትገልጡ «ወደ ላይ» ይላችኋል፤ እናንተም አምናችሁ ትዘጉታላችሁ። እንዳታምኑት። ይህችን ቃል ሐረር ውስጥ ሠላሳ ዓመት አስተምሬ፣ ወዴት እንደምትወጣ ዛሬም በቅጡ አላውቅም። ከእንቅልፍ መነሳት ላይ ትገባለች፤ ይሁን፣ የተኛ ሰው ሲነሳ ወደ ላይ ነው። ግን ዝም በል ሲሉም «ሻት አፕ» ነው፣ ፍቅረኞች ሲለያዩ «ብሬክ አፕ» ነው፣ ሳህን ሲታጠብ «ዎሽ አፕ» ነው፤ ተስፋ ሲቆረጥ ደግሞ «ጊቭ አፕ»። አንድ ቀን ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪዬ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ይወድቃል እንጂ በምን አቅሙ ነው ወደ ላይ የሚወጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። «እንደዚያ ነው፣ በቃላችሁ ያዙት» አልኳት። አስተማሪ መልስ ሲያጣ የሚላትን መቼም ታውቋታላችሁ።

እንግሊዞቹን አማሁ እንጂ እኛም ብንሆን ወደ ላይ በመውጣት ጉዳይ ቀላል ሰዎች አይደለንም። ቅድመ አያቴ ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚሁ ሐረር ቀረ፤ እኔም ከጀጎል በሮች ከአንዱ፣ ከፈላና በር በማይርቅ ግቢ ውስጥ ተወልጄ፣ ተድሬ፣ አርጅቼ እየኖርኩ ነው። ባደግሁበት ቤት እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ «ኧረ ወደ ላይ!» ይላል። እንግዳው «ግድ የለም፣ እዚህ ይበቃኛል» ይላል፤ አይበቃውም ግን። ሁለተኛ ሲለመን ከወንበሩ ግማሽ ያህል ይነሳል። በሦስተኛው «በሞቴ!» ሲባል፣ እየተነጫነጨ፣ የተገደደ መስሎ ሄዶ ሲመኘው የነበረው ቦታ ላይ ይቀመጣል። መግደርደር ማለት ይኸው ነው። በመጀመሪያው ጥሪ ዘሎ የወጣ ሰው ግን እንኳን ያን ቀን፣ ከዓመት በኋላም ይታማል።

አሁን ወደ አው ዩሱፍ ቤት ልውሰዳችሁ። ሐረሪዎች ትልቅ ሰው ሲያከብሩ ወንዱን «አው»፣ ሴቷን «አባይ» ይላሉ፤ አው ዩሱፍም ከእኛ ግቢ ጥቂት እርምጃ ገባ ብሎ፣ ከጀጎል ግንብ ውስጥ የሚኖሩ፣ ነጭ ጢማቸው ደረታቸውን የሚነካ ሽማግሌ ናቸው። የሐረሪን ቤት ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ሳሎኑ ወንበር የለውም። በቀይ አፈር የተለቀለቁ፣ ምንጣፍ የለበሱ መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ማን የትኛው መደብ ላይ እንደሚቀመጥም ማንም ሳይጽፈው የታወቀ ነው። በአው ዩሱፍ ቤት ሰፊውና ዝቅተኛው መደብ የመጣ የሄደው ሁሉ ነው። ከፍ ያለው ደግሞ የሽማግሌና የተማረ ሰው ነው።

ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናንተ ልንገራችሁ። ያቺን ላይኛዋን መደብ ሠላሳ ዓመት ተመኝቻታለሁ። ሸኾች ሲቀመጡባት ደግ፤ ትናንት ተቀጥሮ የመጣ የግብርና ባለሙያ ሲቀመጥባት ግን ሆዴ ይቃጠል ነበር። ስንት ሐኪምና መሐንዲስ ያስተማርኩ ሰው የተማረ ካልተባልኩ ማን ሊባል ነው? እርግጥ ስገባ አው ዩሱፍ ለአፍ ያህል «ቲቸር፣ ወደ ላይ» ይሉኛል። እኔም «እዚህ ይበቃኛል» እላለሁ። ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል፣ ሌላ ቃል አይጨምሩም። አንድ ጊዜ ብቻ የተባለ ግብዣ ምኑ ግብዣ ነው? በዚህ አኩርፌ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ አልማዝ «ታዲያ ሂድ ያለህ ማነው?» ትለኛለች። እኔ ግን በሳምንቱ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ ምክንያቱም አው ዩሱፍን እወዳቸዋለሁ።

ጣጣው የመጣው ከጣሪያ ነው። ከአው ዩሱፍ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚጎራበቱት ሃምሳ አለቃ ደምሴ የሚባሉ ጡረተኛ ወታደር ናቸው፤ ከጎንደር በኩል ተመድበው መጥተው እንደ ቅድመ አያቴ እዚሁ የቀሩ። በግድግዳው መካከል ትንሽ በር አለች። አርባ ዓመት ሙሉ በዚያች በር የኢድ ምግብ ወዲህ፣ የፋሲካ ዳቦ ወዲያ ሲሻገር ኖሯል። ውኃ በፈረቃ ሆኖ ሲያስቸግራቸው ሃምሳ አለቃ ሮቶ ገዙና የት እንደሚያኖሩት አማከሩኝ። እኔም የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኔን ረስቼ፣ ፊዚክስ እንደተማረ ሰው «ጣሪያ ላይ ያድርጉት፣ ከፍ ሲል ግፊት ያገኛል» አልኳቸው።

ሮቶው ወጣ። ሃምሳ አለቃም ውኃ መሙላቱን ለማየት በየማለዳው መውጣት ጀመሩ። ከዚያ ጣሪያ ላይ የአው ዩሱፍ ግቢ እንደ መዳፍ ወለል ብሎ ይታያል። አንድ ማለዳ የአው ዩሱፍ ባለቤት አባይ ዘይነብ ሻሻቸውን አውልቀው ፀጉራቸውን ሲያበጥሩ ቀና ቢሉ፣ ከራሳቸው በላይ አንድ ወንድ ቆሟል። ኮሽታ እንኳ አልሰሙም። ሃምሳ አለቃ በባዶ እግራቸው፣ እንደ ድመት ነበር የወጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባይ ዘይነብ በገዛ ግቢያቸው ቀና ብለው መቀመጥ ተዉ፣ አው ዩሱፍ ሰላምታ ነሱ፣ ሃምሳ አለቃም «ሌባ ነኝ ወይ?» ብለው አኮረፉ። ይባስ ብሎ አው ዩሱፍ ትንሿን በር ሊያስደፍኑ ግንበኛ ለቅዳሜ ቀጠሩ።

እንቅልፍ አጣሁ። ሮቶውን ያስወጣሁት እኔ፣ በሯን የማዘጋት እኔ! አርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ላስታርቅ ብዬ ሁለቱንም ለመንኳቸው፣ እሺ አሉኝ። እየቸኮልኩ ስወጣ አልማዝ «ያኛውን ካልሲ አድርግ» አለችኝ። በአገር ጉዳይ ላይ ስለ ካልሲ የሚያስብ ማነው? ሳልሰማት ሄድኩ።

አው ዩሱፍ በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ የግራ እግሬ አውራ ጣት ከካልሲው ወጥቶ አየሁት። ሙሉ በሙሉ፣ ከነጥፍሩ። ፈጥኜ ወደ ውስጥ አጥፌው ገባሁ። አው ዩሱፍና ሃምሳ አለቃ በሰፊው መደብ ጫፍና ጫፍ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አባይ ዘይነብ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው እንደሚያዳምጡ ይታወቃል። አው ዩሱፍ መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ «ቲቸር፣ ወደ ላይ ውጣ» አሉኝ።

ልቤ ዘለለ፣ ጣቴም አብሮ ዘለለ። እዚያ ላይ ለተቀመጠ ሰው እኮ እግሩ ከሌላው ሰው ዓይን ትክክል ነው። «ግድ የለም አው ዩሱፍ፣ እዚህ ይበቃኛል» አልኩ።

መቁጠሪያው ቆመ። «አቦ፣ ዛሬስ አይበቃህም» አሉ። «ሸምጋይ ከተጣሉት እኩል ይቀመጣል? እዚህ ታች ያለ ሰው ወይ የእኔ ነው ወይ የእሱ ነው። የእሱ ሆነህ ከመጣህ ንገረኝ። ካልወጣህ ወላሂ አንዲት ቃል አልናገርም፤ ግንበኛው ነገ ይመጣል።»

ሃምሳ አለቃም «እኔም ብሆን ወገንተኛ ዳኛ አልፈልግም» ብለው ለመነሳት ጉልበታቸውን ያዙ። እንግዲህ አስቡት። የአርባ ዓመት ጉርብትና በአንድ የእግር ጣት ላይ ተንጠልጥሏል። ሌላ ሰበብ ብፈልግ አጣሁ።

«አው ዩሱፍ» አልኩ፣ «ካልሲዬ ተቀዷል።» እግሬንም አንስቼ አሳየሁ።

መጀመሪያ የሳቁት ከመጋረጃው ጀርባ አባይ ዘይነብ ናቸው፤ ከዚያች ማለዳ ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። አው ዩሱፍ ጢማቸውን ይዘው ተከተሉ። ሃምሳ አለቃ እንኳ ፈገግ አሉና «ለዚህ ነው እኔ በባዶ እግሬ የምወጣው» አሉ።

አው ዩሱፍ ሳቃቸውን አቋረጡ። «እስቲ ለምን ነው? አርባ ዓመት የማውቅህ ሰው፣ ለምን ተደብቀህ ትወጣለህ?»

«ማን ተደበቀ? መሰላሉ ብረት ነው፣ በጫማ ሲረግጡት ሰፈሩን ያናጋዋል። በዚያ ማለዳ ከእንቅልፍ እንዳልቀሰቅሳችሁ ብዬ ነዋ!»

«ከእንቅልፍ?» አው ዩሱፍ ዙሪያውን ተመለከቱ፣ የሚመሰክርላቸው ሰው የሚፈልጉ ይመስል። «አንተ ሰው፣ በዚያ ሰዓት እኛ ሱብሒ ሰግደን፣ ቁርስ በልተን፣ ግቢ ጠርገን ጨርሰናል! አርባ ዓመት ሙሉ አዛኑ አይሰማህም?»

«ይሰማኛል» አሉ ሃምሳ አለቃ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ሰግዳችሁ ተመልሳችሁ የምትተኙ ነበር የሚመስለኝ።»

ከመጋረጃው ጀርባ የአባይ ዘይነብ ድምፅ መጣ። «አቦ ደምሴ፣ ውኃህን አልከለከልኩህም። ስትወጣ ድምፅህን አሰማኝ፣ ሻሼን ላድርግ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ነገሩ በዚህ አለቀ። እኔ ያስታረቅሁት ምንም የለም፤ ካልሲዬ ነው ያስታረቀው። ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢ በወተት ሆኖ ሲቀርብ አው ዩሱፍ ወደ ላይኛው መደብ አመለከቱኝ። ጣቴም ታይቶ አልቋልና ወጣሁ። ሠላሳ ዓመት ያለምኳት ቦታ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ጠበብ ትላለች፤ ቁጢውም ሌላውን ሁሉ ዞሮ በመጨረሻ ነው የደረሰኝ። ቢሆንም ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውጣ ስልህ እምቢ ብለህ ዛሬ በካልሲ ወጣህ» አሉኝ አው ዩሱፍ።

«አንድ ጊዜ ብቻ እኮ ነው የሚሉኝ!» አልኩ፤ የሠላሳ ዓመቱ ቅሬታ ሳላስበው ከአፌ አመለጠ።

«ስንት ጊዜ ልበልህ? ትልቅ ሰው ይበቃኛል ካለ ይበቃዋል ማለት ነው። ታችኛውን ወድደህ መስሎኝ ትራስ እንኳ አስቀምጬልህ ነበር።» እውነታቸውን ነው። ሁልጊዜ ከምቀመጥበት ቦታ አንዲት ቀይ ትራስ ነበረች፤ ለእኔ የተቀመጠች መሆኗን ግን ልብ ብዬ አላውቅም። የዚያን ጊዜ በእውነት አፈርኩ። ለካ ሠላሳ ዓመት ያኮረፍኩት በሚያከብረኝ ሰው ላይ ነው። የጠበቅሁት ግብዣ ደግሞ በየሳምንቱ ሲሰጠኝ ኖሯል።

ግንበኛው ቅዳሜ መጥቶ የትንሿን በር ደፍ አድሶ ሄደ። ሃምሳ አለቃ አሁን ጫማቸውን አጥልቀው፣ በሠልፍ ሜዳ ድምፃቸው «ወጣሁ!» ብለው ነው መሰላሉን የሚረግጡት። አባይ ዘይነብ ሻሻቸውን ያደርጋሉ፤ እኔና አልማዝ ደግሞ ከሁለት ግቢ ወዲያ ከአልጋችን ላይ እንዘላለን። «አፕ» ማለት በትክክል ወደ ላይ የሆነበት አንድ ቦታ ቢኖር ይሄ ነው።

በሚቀጥለው አርብ አዲስ ካልሲ አድርጌ አው ዩሱፍ ዘንድ ሄድኩ። ከእንግዲህ የሐረሪን ሥርዓት አክብሬ በመጀመሪያው ቃል ልታዘዝ ለራሴ ምዬአለሁ። እሳቸውም ለካ ከእኔ ሥርዓት ለመማር ምለው ኖሯል። መቁጠሪያቸውን እያዩ፣ የሚቆጥሩ መስለው ጀመሩ። «ቲቸር፣ ወደ ላይ! ኧረ ወደ ላይ! በሞቴ ወደ ላይ!»

ሦስቱንም ጨርሰው ቀና ሲሉ፣ እኔ ላይኛው መደብ ላይ እግሬን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። ከታች ወደ ላይ አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ ቲቸር! ትንሽ እንኳ አትግደረደርም?»