ግንባሬ ላይ የተደገነው

(ቴምቢሳ፣ ጆበርግ ዳር፣ የኮሮና ሰሞን፣ ረፋድ ላይ። በብረት ፍርግርግ የታጠረች፣ ስፓዛ የሚሏት የሰፈር ሱቅ። ደጉ ለጆበርግ ገና አዲስ ነው፤ የሱቅ ሸሪኩ ሲላስ ግን ከርሞባታል። ሲላስ ማስኩ አገጩ ላይ ወርዶ፣ እያለከለከ ገባ።)

ሲላስ፦ አንተ! ስልክህን እንደ ላም ደወል አንገትህ ላይ አታንጠልጥል አላልኩህም?

ደጉ፦ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው። ይልቅ ያንተ ስልክ እኮ…

ሲላስ፦ አታቋርጠኝ! እዚህ አገር ስልክ ሁለት ነው። የማይሠራው ኪስ ውስጥ፣ ለሌባ። የሚሠራው ካልሲ ውስጥ፣ ለራስ።

ደጉ፦ እሺ፣ ግን ያንተን…

ሲላስ፦ ስማኝ እንጂ! ተዘርፌ ነው የመጣሁት።

ደጉ፦ (ቀና ብሎ) ተዘርፈህ?

ሲላስ፦ ሱፐርማርኬቱ በር ላይ። ሎክዳውን ከታወጀ ዛሬ ገና ብወጣ፣ ጠብቀውኛል። አንዱ ግዙፍ፣ ፊቱን እስከ ዓይኑ የሸፈነ…

ደጉ፦ ሁላችንም ሸፍነናል እኮ።

ሲላስ፦ የሱ ይለያል! መጣና ሽጉጡን ግንባሬ ላይ ደገነ።

ደጉ፦ ጥቁር ነው ነጭ?

ሲላስ፦ ሰውዬው?

ደጉ፦ ሽጉጡ።

ሲላስ፦ ነጭ፣ ዘመናዊ። ተኮሰብኝ እኮ! «ቲት» አለና ከሸፈበት። የእናቴ ጸሎት!

ደጉ፦ (ሳቁን ዋጥ አድርጎ) ከዚያስ?

ሲላስ፦ እጅህን ዘርጋ ብሎ የሆነ ፈሳሽ ረጨብኝ። አሻራ ማጥፊያ ነው። የዘንድሮ ሌባ ተምሯል!

ደጉ፦ ታዲያ የማይሠራውን ስልክ ሰጠኸው?

ሲላስ፦ (ከኪሱ የተሰነጠቀ ስልክ አውጥቶ እያየ) በድንጋጤ… የሚሠራውን።

ደጉ፦ ካልሲህ ውስጥ ያለውን? ጫማህን አውልቀህ?

ሲላስ፦ አዎ። እሱም ገርሞት ቆሞ ያየኛል። ደግሞ አልጠገበም! «ማይ ፍሬንድ! ማይ ፍሬንድ!» እያለ ተከተለኝ። ሱቁን እንዳያውቅብኝ ሰፈሩን ሁሉ ዞሬ መጣሁ። (የለስላሳ ሣጥን ላይ ቁጭ ብሎ) ስልኩስ ይሂድ። ዲቦራን ብዬ ሽማግሌ ልኬ የለ? ዛሬ አባቷ ጋሽ ሀቢሶ ከዱራሜ ደውለው መልስ ሊሰጡኝ ነበር። ራሱን የማይጠብቅ ሰው ልጄን እንዴት ይጠብቃል ይላሉ። ደጉዬ፣ አለቀልኝ።

ደጉ፦ (ከባንኮኒው ሥር ስልክ አውጥቶ) እንካ። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ትዘጋዋለህ።

ሲላስ፦ የኔ ስልክ! ከሌባው ነጠቅከው?

ደጉ፦ የምን ሌባ? የሱፐርማርኬቱ ጥበቃ ነው። ጠዋት ጠዋት ከኛ ዳቦ የሚገዛው። ማስክ ስላደረገ አላወቅከውም እንጂ፣ ሙቀትህን ነው የለካው። አንተ ሰፈሩን ስትዞር እሱ በአቋራጭ መጥቶ ሰጠኝ። ትኩሳት የለህም ብሏል።

ሲላስ፦ (ማስኩን እስከ ዓይኑ ስቦ) ጋሽ ሀቢሶስ ደወሉ?

ደጉ፦ ደወሉ፤ አነሳሁት።

ሲላስ፦ ምን አልካቸው?

ደጉ፦ የት ሄዶ ነው ሲሉኝ፣ ጥበቃው የነገረኝን ሁሉ ነገርኳቸው።

ሲላስ፦ ጉድ አደረግከኝ! ምን አሉ?

ደጉ፦ ሳቁ፣ ሳቁ፣ ሳቁና… «ልጄን ለሱ ሰጥቻለሁ፤ ስልኩን ግን አንተ ያዝለት» አሉ።