ባሕር በሌለበት የዓሣ ኮታ

ሰው የሚያየውን ነገር ቶሎ ይለምደዋል፤ የሚያስጨንቀው የማያየው ነው። እኛን ተመልከቱ። ባሕር ከሌለው አገር ተነስተን ባሕር የሌለው ስቴት ውስጥ የሰፈርን ሰዎች ነን። ከምንኖርባት ከኦሮራ ከተማ ወጥታችሁ በፈለጋችሁት አቅጣጫ ቀኑን ሙሉ ብትነዱ የምትደርሱት ወይ ተራራ ላይ ነው ወይ የበቆሎ ማሳ ውስጥ። ዓሣ ወደ እኛ የሚመጣው ጭንቅላቱንና ጭራውን ከኋላው ትቶ፣ ዱቄት ለብሶ፣ በካርቶን ታሽጎ ነው። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ዓሣ ማለት አራት ማዕዘን ያለው እንስሳ ይመስላቸው ነበር። እኔም ከእነሱ ብዙ አልሻልም። በጾም ሰሞን «ዓሣ ይበላል»፣ «አይበላም» የሚለው ክርክር ሲነሳ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከመከራከር ውጪ ስለ ዓሣ አስቤ አላውቅም። የዓሣውን ሐሳብ የጠየቀ ደግሞ እስካሁን አልሰማሁም።

እንዲህ ሆኜ ስኖር፣ አንድ የጸደይ ወር ላይ ስለ አላስካ ዓሣ መብሰልሰል ጀመርኩ። ምክንያቱ ሙሉጌታ ነው።

ሙሉጌታ እዚሁ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈራችን ውስጥ፣ ከእኔ ቤት ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚኖር ወዳጄ ነው። በየሰመሩ፣ ሙቀት ሲገባ፣ አላስካ ይሄዳል። ዓሣውን ከባሕሩ አውጥቶ፣ እዚያው ላይ ቆርጦ፣ አቀዝቅዞ የሚያሽግ እንደ ፋብሪካ ያለ መርከብ አለ፤ ሙሉጌታ የሚሠራው የዚያ መርከብ ሆድ ውስጥ ነው። ፖሎክ የሚሉት ነጭ ዓሣ፣ ማለትም ያ የልጆቼ ባለ አራት ማዕዘን እንስሳ፣ በእሱ እጅ አልፎ ነው የሚደርሰን። የቀረውን ጊዜ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሸትል ይነዳል። እሱ ግን ይህን ሥራ ብሎ አይጠራውም፤ «እየጠበቅሁ ነው» ነው የሚለው። ሚስቱ ሰናይት ሆስፒታል የማታ ፈረቃ ትሠራለች። «እግሬ የባሕር ውሃ ሳይነካው የመርከበኛ ሚስት ሆንኩ» ትላለች። እየሳቀች ነው የምትለው፤ ሳትስቅ ያለችበትንም ቀን ግን አውቃለሁ።

በዚያ ጸደይ የመጣው ወሬ እንዲህ ነው። ከባሕሩ በዓመት ምን ያህል ዓሣ እንደሚወጣ የሚወስን ምክር ቤት አለ። ይህ ምክር ቤት አሁን ስለ ሌላ ዓሣ፣ ስለ ሳልሞን ሊወስን ነው ተባለ። ሳልሞን ባሕር ውስጥ ያድግና ሊወልድ ሲል ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለስ ፍጥረት ነው። ለፖሎክ የተዘረጋው መረብ ታዲያ መንገደኛውን ሳልሞንም አብሮ ያፍሳል፤ በአላስካ ወንዞች ዳር የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ ሳልሞኑ ጠፋብን ይላሉ። እንግዲህ በስሕተት የሚያዘው ሳልሞን ገደብ ይበጅለት፤ ገደቡ ሲሞላ ያ የባሕር ክፍል ይዘጋ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ባሕር ተዘጋ ማለት መርከቡ ቆመ ማለት ነው። መርከቡ ቆመ ማለት ሙሉጌታ ቤቱ ተቀመጠ ማለት ነው።

ሙሉጌታ ደግሞ መቀመጥ የሚባል ነገር አልሆነለትም። ቤቴ ይመጣል፤ ወንበር ስሰጠው ይቆማል። ፍሪጄን ይከፍታል፣ ምንም ሳያነሳ ይዘጋል። ስልኩን አውጥቶ የአላስካን ባሕር ማዕበል ያያል፤ ደጅ የቆመውን መኪናውን በረዶ እየቀጠቀጠው! ሴንትራል ፓርክ ባቡር ጣቢያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ይደውልልኝና «አዲስ ነገር አለ?» ይለኛል። የባሕሩ ቃል አቀባይ እኔ የሆንኩ ይመስል። ይህ አባዜ ተላላፊ ነው፤ ልብ በሉ። ትንሽ ቆይቶ እኔው ራሴ፣ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ሒሳብ መቀበያ ላይ ቆሜ፣ ደንበኛ ፊቴ ተሰልፎ፣ ስለ ሳልሞን ስልኬ ላይ ሳነብ ተያዝኩ።

መላ የዘየደው ከድር ነው። ከድር ከእኛ ራቅ ብላ ባለችው ቶርንተን ከተማ የሚኖር፣ ከሙሉጌታ ጋር አዲስ አበባ አንድ ክፍል የተማረ፣ መርከቡ ላይም በእሱ በኩል ሥራ የገባ ጓደኛው ነው። ምክር ቤቱ ከመወሰኑ በፊት የፈለገ ሰው በኢንተርኔት ገብቶ አስተያየቱን መስጠት እንደሚችል ሰማና «ሙሌ፣ ተመዝገብና ስለ ሁላችንም ተናገር። የአንተ እንግሊዝኛ ከእኔ ይሻላል» አለው። ንግግሩን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ጻፍኩም። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ልፋት፣ ከሩቅ አገር መጥቶ ሠርቶ ስለሚያድር ሰው፤ ሳነበው ራሴን አስለቀሰኝ። መጨረሻው «ስለዚህ ገደቡን አታጥብቁብን» የሚል ነበር።

ቀኑ ደረሰና ከሙሉጌታ ጋር እሱ ቤት፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥን። እሱ ሸሚዝና ክራቫት ከላይ፣ ቁምጣ ከታች ለብሷል። ሰናይት ከሥራ ገብታ ተኝታለች ብለን በሹክሹክታ ነበር የምንነጋገረው፤ ለካ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ከድር ከቤቱ ሆኖ ያዳምጣል። ተናጋሪዎቹ ተራ በተራ ይገባሉ። አንድ የኩባንያ ሰው መረቡ ውስጥ የሚገባው ሳልሞን አብዛኛው የእነዚያ ወንዞች እንዳልሆነ አስረዳ። አንዲት ተመራማሪ ሳልሞኑ ለመጥፋቱ ውሃው መሞቁም አንድ ምክንያት ነው አለች። ሙሉጌታ ጉልበቱን ያንቀጠቅጣል፤ ጠረጴዛው አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ከእሱ በፊት ተራቸው የደረሰ አንዲት አሮጊት ነበሩ። አላስካ ውስጥ ወንዝ ዳር ያለች መንደር ተወላጅ ናቸው። ምስሉ እየተቆራረጠ ከኋላቸው የእንጨት ግድግዳ ይታያል። አልጮኹም። ዓሣ የሚያደርቁበት ቤት ባዶውን ከቆመ መሰንበቱን፣ የልጅ ልጆቻቸው ዓሣ መበለትን ከመደብር በተገዛ ዓሣ እየተማሩ መሆኑን ተናገሩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ከወንዛችን አንድ ዓሣ እንኳ እንዳናወጣ ታዘዝን። እኛም ታዘዝን። እኔ የምጠይቀው ሌላስ ማን ታዘዘ ነው።»

የሙሉጌታ ጉልበት ቆመ። ወዲያው ስሙ ተጠራ።

የጻፍኩለትን ወረቀት አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። እኔ በጣቴ ወረቀቱን እጠቁማለሁ። እሱ አያየኝም።

«ሥራዬን እወዳለሁ» ብሎ ጀመረ፤ በዚያ በራሱ እንግሊዝኛ። «ዓሣው በሚያልፍበት ቤልት ላይ ነው የምቆመው። ሳልሞን ሲመጣ ሳላየው በክብደቱ አውቀዋለሁ። መሸጥ ስለማይፈቀድ ለብቻው እናደርገዋለን፤ ይቆጠራል። ጥቂት ነው እያልኩ ነበር የምኖረው። እኚህን እናት ሳልሰማ። ለእሳቸው ጥቂት ስንት እንደሆነ እኔ አላውቅም።» ወረቀቱን በግንባሩ ደፋው። «ገደብ አብጁ። ስትዘጉ ግን ለእኛም ቀደም ብላችሁ ንገሩን፤ ሌላ ሥራ እንድንፈልግ። ጨረስኩ።»

ላፕቶፑን ከደነው። ሰናይት ከደረጃው ወረደች፤ ዐይኗ ቀልቷል፤ ከእንቅልፍ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኩም።

«እኔ መርከቡን ተው ብዬ ስንት ዓመት ለምኜህ እምቢ ያልከኝን» አለችው፣ «ለማታውቃት ሴትዮ ባንዴ እሺ አልካት?»

ወዲያው የሙሉጌታ ስልክ ጮኸ። ከድር ነው። ስፒከር ላይ አደረገው።

«ሙሌ፣ እኔ ጠበቃ ሁነኝ ብዬ ነው የላክሁህ። ዳኛ ሁን ያለህ ማን ነው?»

«ሴትዮዋን አልሰማሃቸውም?»

«ሰምቻቸዋለሁ። እኔንስ ማን ሰማኝ? ልጆቼ ሳልሞን አይደሉም፣ ወንዝ ላይ ወጥተው አይቆጠሩልኝም።» ዘጋው።

ፍረድ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አልፈርድም። ሙሉጌታ ውሸት አልተናገረም፤ ከድርም አላጋነነም። ሁለት እውነት አንድ ሳሎን ውስጥ ሲገባ መቀመጫ የሚያጣው ባለቤቱ ነው። ያን ሳምንት ሙሉጌታ ሰፈሩን በእግሩ ሲዞር ያላየው ጎረቤት የለም።

ምክር ቤቱ ወሰነ። ገደቡ አሮጊቷ እንደጠየቁት ጠባብ፣ ኩባንያዎቹ እንደፈለጉት ሰፊ አልሆነም፤ ማንንም ያላስደሰተ መካከለኛ ነገር ነው። ከዚያ ሁሉ ተናጋሪ የሙሉጌታ ቃል ምን ያህል እንደመዘነ እግዜር ይወቅ፤ ምናልባትም ከነጭራሹ አልመዘነም። ለከድር ግን የወሰነው ሙሉጌታ ነው። ሰመር ሲገባ በአንድ አውሮፕላን ሄዱ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ተቀምጠው። መርከቡም ባለፈው ዓመት በያዙት ክፍል ውስጥ መደባቸው፤ ከድር ከላይ አልጋ፣ ሙሉጌታ ከታች። «ሲያንኮራፋ እንኳ ተናድዶ ነው የሚያንኮራፋው» ብሎ ጻፈልኝ።

ከዚያ፣ ሥራው ገና በሙሉ ኃይሉ ሳለ፣ አንድ ቀን ሁለት ቃል ብቻ ላከልኝ። «ባሕሩን ዘጉት።»

በዚያ ሰመር ሳልሞኑ መረቡን ሞላው፤ ገደቡ ደረሰ። መርከቡ ሌላ ቦታ ዞሮ ፖሎክ ፈለገ፤ ያገኘው ትንሽ ስለነበር ከሠራተኛው ግማሹን ወደየቤቱ ሸኘ። ሁለቱም ከተሸኙት ውስጥ ናቸው። «ቀደም ብላችሁ ንገሩን» ያለውንስ? የነገሯቸው በዋዜማው ነው።

ሰናይት ሥራ ላይ ስለነበረች ኤርፖርት የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ሙሉጌታ ከፊት፣ ከድር ከኋላ ተቀመጠ። የሙሉጌታ ቤት ቅርብ ቢሆንም «መጀመሪያ ከድርን አድርስ፣ እኔ አልቸኩልም» አለኝ። አውራ ጎዳናው አጋማሽ ላይ ከድር ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እስቲ ጠይቅልኝ» አለኝ። የሚጠየቀው ሰው በክንድ ርቀት ከፊቱ ተቀምጧል! «ያቺ ሴትዮ ዓሣዋን አገኘች?»

«አልታወቀም በለው» አለኝ ሙሉጌታ፣ መንገዱን እያየ። «የዘንድሮው ገና ተቆጥሮ አላለቀም። ከመረብ ያመለጠው ዓሣ ወልዶ፣ ልጆቹ ወደ ወንዙ የሚመለሱት ደግሞ ከዓመታት በኋላ ነው በለው።»

«እና በከንቱ ነው ሥራ የፈታነው?»

«በከንቱ ይሁን አይሁን ማንም አያውቅም በለው።»

ከአማርኛ ወደ አማርኛ እያስተረጎምኩ ቶርንተን ደረስን። ከድር ሻንጣውን አውርዶ ወደ ቤቱ ሄደ። ልጆቹ በሩን ከፍተው «ዳዲ፣ ዋይ ሶ ኧርሊ?»፣ ምነው ቶሎ መጣህ፣ እያሉ ተንጠለጠሉበት። ሻንጣውን በሩ ላይ አስቀመጠና ተመልሶ መጣ። የእኔን መስኮት አልፎ የሙሉጌታን አንኳኳ።

«ሙሌ።»

ከጸደይ ወዲህ ስሙን ሲጠራው የመጀመሪያው ነው። ሙሉጌታ መስተዋቱን አወረደ።

«ቁጥሩ ሲወጣ ደውልልኝ።»

«መጥፎ ቢሆንስ?»

«መጥፎ ከሆነ ቀድመህ ደውል። ብቻህን አትናደድ።»

ቁጥሩ እስካሁን አልወጣም። እኔም ይኸው፣ ከባሕር ይህን ያህል ርቄ፣ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ዓሣው የደወለ ይመስለኛል።